የሰማንያ አራተኛው ካርድ ምስክር

የምስክሩ ስም፦ መኳንንት ደርሶ
ዕድሜ፦ 79
አድራሻ፦ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ፣ በልጅ ልጁ በምርቃት ቤት
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ጉዳዩ፦ የአብዱልአዚዝ ኑሬ አሟሟት
ቃሉን የተቀበለችው፦ ሳጅን ዋንጂሩ
አስተርጉሞ በአማርኛ የጻፈው፦ ዮፍታሄ አምሳሉ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በራሴ እግር ጣቢያ ድረስ መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ለኬንያ ፖሊስ፣ ለናይሮቢ ነዋሪዎችና በሩቅም በቅርብም ላሉ ወዳጅ ዘመዶች በጥልቅ ሐዘን የማስታውቀው ዐቢይ ጉዳይ አለ። ዛሬ ጠዋት ከካሳራኒ ስመጣ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ ጥቁር ዣንጥላዬን የተሳፈርኩበት ማታቱ ውስጥ ረስቼ ወርጃለሁ። አስተርጓሚው ዮፍታሄ "አባባ፣ ይሄም ይጻፍ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሳጅኗ የሚያውቁትን ሁሉ ይናገሩ ብላኛለችና ይጻፍ ብያለሁ።

የመጣሁት የሟቹ የወንድም ልጅ ሂሻም ከእስር እንዲወጣ ነው። ሂሻም አጎቱን ላቪንግተን ሰፈር ወስዶ ጥሎታል፣ ምናልባትም መትቶታል ተብሎ ተጠርጥሮ አምስተኛ ቀኑን ይዟል። አጎቱን ወዴት እንደወሰደው ሲጠየቅ "አንዲት ሴትዮ ዘንድ፣ ቃል ሊጠይቃት" ብሎ መመለሱን፣ መርማሪዎቹም መሳቃቸውን የሟቹ ልጅ ኩለሱም ነግራኛለች። አልፈርድባቸውም። የሰባ አራት ዓመት በሽተኛ ሰው በዝናብ ቃል ሊጠይቅ ሄደ ቢሉኝ እኔም እስቅ ነበር።

ሟቹን የማውቀው ሠላሳ ዓመት ነው። የሞያሌ ልጅ ሲሆን ኢስሊ ውስጥ ሸሚዝ ይነግድ ነበር፤ መኖሪያው ከኩለሱም ጋር ፓርክላንድስ ነው። ላለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሱቁ ውስጥ እንገናኝ ነበር። ዛሬም ማክሰኞ አራት ሰዓት ነው። እግሬ በልማዱ ወደዚያ ሊወስደኝ ነበር።

ማክሰኞ የምንሠራው ሥራ አንዲት ቃል መልቀም ነበር። ቃሏ "ቆረጠ" ናት። ነገሩን የጀመረችው ምርቃት ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚህ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ቲኬት እንቆርጣለን ስላት "ባባ፣ በመቀስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ለአብዱልአዚዝ ላስቀው ብዬ ነገርኩት፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከአዲስ ሸሚዝ ውስጥ ማጠንከሪያውን ካርቶን መዝዞ አወጣና የልጅቷን ቃል ጻፈበት። የመጀመሪያው ካርድ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሏን በየሄድንበት እናደምጥ ጀመር። ሥጋ ይቆረጣል፣ ደመወዝ ይቆረጣል፣ የሠርግ ቀን ይቆረጣል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ተስፋም ይቆረጣል። አባቱን የመሰለ ልጅ ቁርጥ አባቱን ነው፤ የማያመነታ ሰው ቆራጥ ነው፤ ወሬ የሚፈበርክ ደግሞ ቆርጦ ቀጥል ነው። ይህን የመጨረሻውን አብዱልአዚዝ በጻፈበት ቀን ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። አንድ ቀን ቃሏ ይህን ሁሉ እንዴት ቻለችው ብዬ ብጠይቀው "ድሃ ሴት አይተህ አታውቅም?" አለኝ። "ያለቻት አንዲት ነጠላ ናት። ልጅ ታዝልባታለች፣ ሽንኩርት ትቋጥርባታለች፣ ሰው ሲሞትባት አዘቅዝቃ ትለብሳታለች። ሌላ ስለሌላት ነው።"

ሕግ ነበረን። ማናችንም ከራሳችን አውቀን አንጽፍም። ከሰው አፍ መስማት አለብን፤ ካርዱ ላይም የተናጋሪው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይሰፍራል። ከዚያ ከሁለታችን ያልሰማው ተናጋሪው ዘንድ ራሱ ሄዶ በጆሮው ካልሰማ የሱቁ ማኅተም አይመታበትም። ሕጉን ያወጣው አብዱልአዚዝ ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው "አንተን ስለማውቅህ" ብሎኛል። በዚህ ሕግ የተነሳ ለአንድ ሥጋ ሻጭ ቲካ ከተማ ድረስ ሄደናል። ኢስሊ ያለች ቲማቲም ሻጭ ደግሞ "እናንተ ሥራ ፈቶች! ያልኩትን ድገሚ የምትሉኝ ልታስከስሱኝ ነው?" ብላ የበሰበሰ ቲማቲም ወርውራብናለች። ሸሚዙ ተበላሸ፤ ካርዱ ግን ማኅተም አግኝቷል።

ባለፈው ሚያዝያ የአብዱልአዚዝ ሚስት አረፈች። ከዚያ ወዲህ እግሩ ያብጥ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ካርዱም ሰማንያ ሦስት ላይ ቆመ፤ ሰባት ወር ሙሉ አንድ አዲስ አልሰማንም። ጥቅምት 25 ቀን ሱቅ ስገባ የካርዶቹን ካርቶን በፕላስተር እያሸገ አገኘሁት። "ቃሏ አለቀች፣ መኳንንት። እኛም አልቀናል። ከእንግዲህ እየተንከራተትህ አትምጣ" አለኝ። "ንፍሮህን ሳልበላ የት እሄዳለሁ?" አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። ያን ቀን ግን ፕላስተሩን በጥርሱ በጠሰው።

በሳምንቱ፣ ኅዳር 2 ቀን፣ ሰማንያ አራተኛውን ካርድ ይዤ ሄድኩ። በእጄ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ "ዝምታ ቆረጠ። ቲኬት እንደ ቆረጠ መንገደኛ፣ ለመሄድ የተሰናዳ ሰው ንግግር ሲተው። ተናጋሪ፦ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፣ ወጥ ቤት። ቦታ፦ ላቪንግተን፣ ጥቁሩ በር፣ የጃካራንዳ ዛፍ ያለበት። ቀን፦ ኅዳር 1።" አብዱልአዚዝ ሦስት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና "መቼም ይህን አንተ አልፈጠርከውም" አለኝ። በምን አወቅህ ብዬ ብጠይቀው "አንተ የፈጠርከው ነገር ያስቃል" አለ። ከዚያ የካርቶኑን ፕላስተር ላጠው።

በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። ሴትዮዋ የየት አገር ሰው ናት? ስትናገረው ፊቷ ምን ይመስል ነበር? ኩለሱም እንዳለችው ከሆነ፣ ከእናቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ተነስቶ ጫማዬን አምጪ ያለው በዚያ ሳምንት ነው።

ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሂሻም በታክሲው ከፓርክላንድስ ወስዶት ላቪንግተን ጥቁር በር ፊት ለፊት አወረደው። ሂሻም ኤርፖርት የሚያደርሰው ሰው ነበረው። "አጎቴ፣ ልጠብቅህ?" ሲለው "ሂድ ወዲያ! የምገባው ኢትዮጵያዊት ዘንድ ነው፤ ሳታበላኝ አትለቀኝም" ብሎታል። ስልኩን መኪናው ውስጥ ረሳው። ሰባት ሰዓት ላይ ከሦስት በር ወዲያ፣ አጥር ሥር ወድቆ፣ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ዝናብ ሲወርድበት ተገኘ። ፖሊስ በዚያ መንገድ ያለውን በር ሁሉ አንኳኩቶ ኢትዮጵያዊት ወጥ ቤት አላገኘም። ዘበኞቹም ማንንም አላየንም ብለዋል። ሂሻም ውሸታም የተባለው በዚህ ነው።

ሂሻም አልዋሸም። አብዱልአዚዝ ወደዚያ መንገድ የሄደው በገዛ ፈቃዱ፣ በሕጋችን መሠረት፣ ማኅተም ሊመታ ነው። ለዚህም ማስረጃ ሰማንያ አራቱን ካርዶች ለሳጅኗ አስረክቤአለሁ። ሰማንያ ሦስቱ ማኅተም አላቸው፤ አንዱ የለውም። አብዱልአዚዝ በር እየቆጠረ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያንኳኳ እንደነበር አይቼ ባልመሰክርም፣ አውቀዋለሁ። ያለ ማኅተም የሚመለስ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ከቀብር በኋላ ቤታቸው ተቀምጠን ነበር። ወደ አርባ ሰው እንሆናለን። አንዲት ጎረቤት ኩለሱምን አባትሽ ሲወጣ ምን ብሎሽ ነበር ብላ ጠየቀቻት። ኩለሱምም "ምንም አላለኝም፣ እትዬ። አባቴ ያን ጠዋት ዝምታ ቆርጦ ነበር" አለች። ማንም ምን ማለትሽ ነው አላላትም። ከሞያሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ አጠገባቸው ላለው ሰው "አዎ፣ ዝምታ ቆረጠ" ሲሉ ሰማኋቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ይመስል። እኔን ሆዴን ቆረጠኝ። እሱ ካርድ ዐሥራ ሰባት ነው።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ዣንጥላው እንኳ እውነት ነው። ሰማንያ አራተኛው ካርድ ላይ ግን ተናጋሪዋን ፈጥሬአለሁ። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ የምትባል ሴት የለችም። ጥቁር በርና ጃካራንዳ በላቪንግተን የማይጠፋ ስለሆነ ጻፍኩት እንጂ ያንን ቤት አላውቀውም። ስጽፈው ልስቅበት አልነበረም፤ ካርቶኑ እንዳይታሸግ ብዬ ነው። ፖሊስ ያላገኛት፣ አብዱልአዚዝም ሲፈልጋት የሞተው፣ ስለሌለች ነው። የሚጠየቅ ሰው ካለ እኔ ልጠየቅ፤ ልጁን ልቀቁት።

ሳጅኗ "የካርዱ ቃልስ? እሱም የፈጠራ ነው?" ብላ ጠይቃኛለች። ኅዳር 2 ቀን ፈጠራ ነበር። ኅዳር 13 ቀን ግን ከኩለሱም አፍ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የተናጋሪ ስም አለው፣ ቦታ አለው፣ ቀን አለው። ሄዶ የሚሰማና ማኅተም የሚመታበት ሰው ነው የሌለው።

የምስክሩ ፊርማ፦ መኳንንት ደርሶ
ያስተረጎመውና የጻፈው፦ ዮፍታሄ አምሳሉ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ሳጅን ዋንጂሩ
አባሪ፦ ሰማንያ አራት የሸሚዝ ካርቶን ካርዶች