የክርስትና ስም

ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት አሮጊትና አንድ አስጎብኚ ወጣት ያወራሉ።

«ለእንግዶች የማሳየው፣ ጣሊያን አርበኞቹን የፈጀበትን ዋሻ ነው እማማ።»

«አውቀዋለሁ ልጄ። አያቴ እዚያ ነው የቀሩት።»

«እንዴ! ታዲያ ስማቸው ዋሻው ጋ ባለው ሐውልት ላይ አለ?»

«አለ ብለውኛል። የክርስትና ስማቸውንስ ጽፋችሁታል?»

«እሱን እንኳ አልጻፍንም። ጠይቆን የሚያውቅ ጎብኚም የለም።»

«ጎብኚ ምን ቸገረው! ቄሱ ናቸው የሚጠይቁት። ያለክርስትና ስም ማን ብለው ይጸልዩላቸው?»

«አሁን ይንገሩኝና እናስጽፈዋለን።»

«ባውቀው አንተን እጠይቅ ነበር? የሚያውቁት አባቴ ነበሩ፤ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።»

«ታዲያ ጸሎት ሲደረግ ምን ብላችሁ ታስጠሯቸዋላችሁ?»

«‹ስሙን አንተ የምታውቀው› እያልን ነዋ።»

አሮጊቷ ቀጠሉና ጠየቁት።

«አንተስ የአያትህን ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«አባትህ በሕይወት አለ?»

«አለ፤ ራቤል ከተማ ነው የሚኖረው።»

«እንግዲያው ሳይመሽ ጠይቀው።»

ወጣቱ ወዲያው መደወል ሲጀምር እኔም ስልኬን አወጣሁና፣ የሟች አባቴን ቁጥር እስከ ዛሬ እንዳላጠፋሁት አይቼ፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።