ዳክዬዋ በመስኮቱ በኩል

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባሕሩ ሄድን፣ እሑድ ማታ ተመለስን። ሌላ ወሬ የለኝም። አንቺ እንዴት ከረምሽ? የፀጉሬን ጫፍ ብቻ ነው የምትቆርጪልኝ፤ ባለፈው "ጫፉን" ብዬሽ ጆሮዬ ድረስ ነው የመጣሽው... ካስኩ ሥር ያለችው እመቤት ቀድማኛለች? ትድረቅ፣ እኔ አልቸኩልም። ነፍሰ ጡር ናት መሰለኝ። ነፍሰ ጡር ፀጉሯ ይፋፋል ይባላል። መርሳትም ይበዛባታል ይላሉ... እኔ አልወለድኩም፣ አላውቅም።

ጉዞውን ያዘጋጀችው የባለቤቴ እህት ናት። እንደ እሷ አባቷን የምትወድ ሴት አላየሁም። አባባ ዘጠኝ ዓመት እኛ ቤት ሲኖሩ፣ በዓመት አንዴ ሳታሰልስ መጥታ ታያቸዋለች። በቀደም ደግሞ "እስካሁን እናንተ፣ ከእንግዲህ አባዬ እኔ ጋ ይኑር" አለች። ይገባታል። ቤቷን አስፍታ፣ አንድ ክፍል ባዶውን ይደር? "ባሕር ዳርቻ ወስደን እናዝናናው፤ ከዚያ ማን ጋ መኖር እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ" አለች። እሺ አልን። እኔ እንኳ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን የሽማግሌ ምርጫ ይከበራል እንጂ ምን ይባላል?

የመረጠችው ሪዞርት ሰው የማይደርስበት ነው አለች። እውነቷን ነው፤ ከእኛም ያልደረሰ አለ። የባለቤቴ መኪና ቆማ "በሕዝብ አውቶቡስ ነው የምንሄደው፣ ከሕዝብ ጋር መቀላቀል ለመንፈስ ጥሩ ነው" አለችን። ሕዝብ የሌለበት ቦታ ለመድረስ ከሕዝብ ጋር መጋፋት... የተማረ ሰው የሚያስበውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ?

ለመንሳፈፊያ ትልቅ የፕላስቲክ ዳክዬ ገዝታለች፣ ቢጫ። "እዚያ መንፊያ አይኖርም" ብላ ከሰፈሯ ጎሚስታ ቤት አስነፍታ ይዛት መጣች። አርቆ ማሰብ ይሉሻል ይህ ነው! አውቶቡስ ውስጥ ግን ያቺን የምታህል ዳክዬ የት ትቀመጥ? አባባ ተነሡና "በይ ልጄ፣ እኔ ኋላ እሄዳለሁ" አሉ። ዳክዬዋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ረዳቱ ትኬት ቆረጠላት።

አውቶቡስ የምንቀይርበት መገንጠያ ላይ ግርግር ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እሷ ግን ምን ረስታ! ዳክዬዋን አቀፈች፣ ጃንጥላውን ያዘች፣ የፀሐይ ቅባቷ መኖሩን ቦርሳዋን ከፍታ አረጋገጠች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም... የእሷ ልብ ያየውን ሁሉ እጇ አወረደው። አባባ ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔ? እኔ የመጠጡን ሳጥን ተሸክሜ ነበር። ደግሞስ፣ የአብራካቸው ክፋይ እያለች ምራት ምን ቤት ናት?

ሪዞርቱ ስንደርስ አራት ትራስ፣ ሦስት ራስ። ያመጣን አውቶቡስ ሄዷል፤ እስከ እሑድ ሌላ የለም። ስልክ አይሠራም። እንግዳ ተቀባዩ "ኔትወርክ ያለው ባሕሩ ውስጥ ነው፣ ከዚያች ድንጋይ አለፍ ብላችሁ" አለን። ይኸኔ ነው የዳክዬዋ ጥቅም የገባኝ። በዚያ ሆዷ ወጣችባት! ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ባለቤቴ ከኋላ በዋና እየገፋት... ድንጋይዋን አለፉ። ደወለች። ጠራ! የት ጠራ በይኝ? አንገቷ ላይ። "እንዳይጠፋበት" ብላ የአባቷን ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታው ኖሯል። ስልኩማ አልጠፋም። እንደ እሷ ዕቃ አያያዝ የምታውቅ ሴት የት አለች? አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ አንድ አባት ያለው ግን... ተይው።

ካስኩ ጸጥ አለ። ደረቀች እንዴ? አልደረቀችም? መጽሔቱንም ገልብጣ ነው የያዘችው፤ ብርሃኑ አልበቃት ይሆናል። እኔ የማወራው ላንቺ ነው።

እኔማ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። የደም ግፊታቸው፣ ጨው የማይነካው ምግባቸው፣ ያለ አንገት ልብስ ነፋስ ሲመታቸው ታየኝ። እሷ ደህና ተኛች። ትተኛ እንጂ፣ ሁለት ነፍስ ናት።

እሑድ መገንጠያው ላይ ስንቆም ያው አውቶቡስ መጣልሽ። አባባ እዚያው ኋላ ወንበር ላይ። የዓሣ አጥማጅ ባርኔጣ ደፍተው፣ ፊታቸው በፀሐይ ከስሎ፣ "እናንተ ሰዎች የት ጠፍታችሁ ነው?" አሉን። ለካ ሹፌሩ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ቀስቅሷቸው፣ ዓሣ አጥማጅ ወንድሞቹ ጋ ወስዷቸው፣ ጀልባ ላይ ካርታ ሲጫወቱ፣ ጨው የተነሰነሰበት ዓሣ ሲበሉ ነው የሰነበቱት! ሳል እንኳ አልያዛቸውም። ልጃቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ ሰው ሁሉ አየላት። ዳክዬዋ ያኔ ተንፍሳ ስለነበር ወንበር አላስቸገረችም።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ማን ጋ የሚኖሩ ይመስልሻል? እኔም እንዳንቺ ነው ያሰብኩት። አንሶላቸውን ቀይሬ፣ የእግር ውሃቸውን አሙቄ አሳደርኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። "ልጄ ጋ ነው የምኖረው" አሉ። ምን አጠፋሁ አባባ? አልኳቸው። "ምንም አላጠፋሽ። አንቺ አንዲት ቀን እንኳ አትረሺኝም" አሉኝ። "እሷ ትረሳኛለች።"

...የአንገት ልብሱን ከሻንጣው አውጥተው አልጋው ላይ ትተውልኛል። አጣጥፈው።

መቁረጥሽን ቀጥዪ፣ ደህና ነኝ። መጥታ ወሰደቻቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከእሷ ጋር ናቸው። እሷ ደግሞ ይኸው እዚህ ካስክ ትሞቃለች... እሳቸው የት ይሆኑ? እኔ አልጠይቅም። ደስ ብሏቸው ይሆናል።

በይ እስቲ፣ መቀሱን አስቀምጪና አሜን በይልኝ። እህታችንን ፈጣሪ በሰላም ያገላግላት። ዕድሜ ከጤና ይስጣት፣ ሸምግላ የልጅ ቤት ለመግባት ያብቃት። የምትወልደውንም ልጅ... ቁርጥ እሷን ያድርግላት።