ከነጭቃው የተፈነቀለው ወረቀት

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝማ፣ ወረቀት ማለት ግድግዳ ማልበሻ ነው! እዚሁ መቱ የአረም መድኃኒት ስሸጥ፣ የሚያመጣልኝ ነጋዴ፣ «እትዬ አስካለ፣ ይሄ የመድኃኒቱ ምንነት የተጻፈበት ወረቀት ከመድኃኒቱ እንዳይለይ። ሕግ ነው። ሰው ቢጎዳ ሐኪም የሚያየው እሱን ነው» አለኝ። እኔም እሺ አልኩና፣ ነጭ፣ ወፍራም፣ እንዴት ያለ ወረቀት መሰላችሁ፣ በሊጥ አድርጌ አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩት! መድኃኒቱን ደግሞ ከጀሪካኑ በውሃ ፕላስቲክ እየቀነስኩ እሸጣለሁ።

ታዲያ ኦቦ ገለታ የሚባል የሁሩሙ ወረዳ ማር ቆራጭ፣ ደንበኛዬ፣ አንድ ፕላስቲክ ገዛኝ። በማግስቱ ልጁ ጫልቱ እያለከለከች መጣች። «እትዬ! አባቴ ከማሳ ሲመለስ ውሃ መስሎት ጎነጨው! እዚህ ሆስፒታል አምጥተነዋል!»

«ወተት ስጡታ!»

«ምንም እንዳትሰጡት ብላለች ሐኪሟ! ምን እንደሆነ ልወቅ፣ ወረቀቱን አምጡ ነው የምትለው! ወረቀቱ የታለ?»

እናንተዬ! ገባሁና በጥፍሬ ብፍቀው፣ ብፍቀው፣ ዳሩ ተቀደደ፤ ሊጤ ጥሩ ነበራ! ታዲያ ምን ላድርግ፣ መጥረቢያ አነሳሁና ከነጭቃው ፈንቅዬ፣ በነጠላዬ አቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ፣ «እትዬ፣ ቤትዎን አፍርሰው ነው እንዴ የሚጭኑት?» ይለኛል።

«አንተ ልጅ፣ ንዳ! ንዳ ብያለሁ!»

መንገዱ አላልቅ አለኝ። ጭቃው ይረግፋል፣ እኔ ፊደሉ አብሮ እንዳይረግፍ በመዳፌ ደግፌ፣ «የሰው አባት ገደልኩ፣ የሰው አባት ገደልኩ» እላለሁ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሟ ጭቃውን አይታ አልሳቀችም። አነበበች፣ «እንኳንም አላስመለሳችሁት» አለችና ሮጣ ገባች። እና እኔ ደጅ ላይ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ፣ ሦስት ቀን ሙሉ! በሦስተኛው ቀን ኦቦ ገለታ ተነስቶ ተቀመጠ። ተረፈልኝ!

ከዚያ ወዲህ ከጀሪካን ቀንሼ አላውቅም። ኦቦ ገለታ ታዲያ ጨው ሊገዛ ቢመጣ እንኳ፣ «ወረቀቱስ?» ይለኛል፣ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ግን አልስቅም። ልጆቼ፣ «ያንን የግድግዳ ቀዳዳ እንምረገው» ይላሉ። እንዳትነኩት ብያለሁ!

«ብርዱ ይፈጅዎታል እኮ፣ እትዬ» አልናቸው፣ ስናዳምጣቸው የቆየነው።

«ይፍጀኝ! እኔ ነኝ የለጠፍኩት፤ ይንፈስብኝ።»