የሰባተኛ ቢ ሰሌዳ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ሞልቶት ሠራተኛ የሚቸግረው ቤት ነበር። እኔ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ውስጥ ጽዳት ነበርኩ። ጽዳት ስላችሁ ታዲያ ክፍል የምጠርገው እኔ፣ ደወል ተብሎ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ የምደበድበው እኔ፣ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ የማጥበው እኔ፣ ያለቀሰውን የማባብለው እኔ። ሌላ ማን አለና? መምህሩስ ቢሆን መቼ በቃ? የጂኦግራፊዋ ወልዳ ስትተኛ የስፖርቱ መምህር ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር፣ ወላሂ።

እና ሩቂያ፣ የእናንተ እናት፣ እዚያው ሰባተኛ ቢ ትማር ነበር። እሷ በኔ አታፍርም። በእረፍት ሰዓት ጓደኞቿን አስከትላ መጥታ ባልዲውን ትቀበለኛለች። እኔ ግን ውስጤ አያርፍም፤ ልጅ ሲያድግ ዓይኑ ይከፈታል፣ አንድ ቀን ታፍርብኛለች እያልኩ እፈራ ነበር። ከድህነቱም ከሥራውም ይልቅ እሱን ነበር የምፈራው።

ታዲያ ዓመቱ ሲጋመስ የነሱ የሒሳብ መምህር የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ። በመጨረሻው ቀን የጀመረው ሒሳብ ግማሽ ላይ ቀርቶ ሰሌዳው ጥግ ላይ ተጽፎ ነበር። ልጆቹ መጡና «እትዬ ዘይነባ፣ ይቺን እንዳያጠፏት። አዲሱ መምህር ሲመጣ ከዚህ ነው የሚቀጥልልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። በጠመኔ ዙሪያዋን አጠሩባት። ሌሎቹ መምህራንም አክብረው ከአጥሩ ወዲህ ይጽፋሉ፣ እኔም ስወለውል እሷን አልፌ ነው። ሳምንት መጣ፣ ሳምንት ሄደ፣ የሒሳብ መምህር የለም። ዳይሬክተሩ ትምህርት ቢሮ ይሄዳል፣ «ቅጥር የለም» ይሉታል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

እና አንድ ጠዋት ይሄው ዳይሬክተር በሩጫ መጣ። የመምህር ነጭ ጋዋን በእጁ ይዟል።

«ዘይነባ፣ ቶሎ በይ፣ ይቺን ልበሺ።»

«ለምኑ ጋሼ?»

«ተቆጣጣሪዎች መጥተዋል። ክፍል ያለ መምህር ከተገኘ ጉዴ ፈላ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛም ለብሷል፣ ጸሐፊዋም ለብሳለች። አንቺ ሰባተኛ ቢ ግቢ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ፊደል እንኳ በቅጡ አልለይ። ደግሞ እዚያ ልጄ አለች። ሌላ ክፍል ያድርጉኝ።»

«ሌላው ሰው አለው። አትናገሪ፣ ቁሚ ብቻ። በመስኮት አይተው ያልፋሉ።»

ምን ላድርግ? እንጀራዬ ነው። ለበስኩ። ከላይ መምህር፣ ከታች ቦቲ ጫማ። ገባሁ። ልጆቹ ነጭ ጋዋን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ግር ብለው ተነሡና «እንደምን አደሩ መምህር» አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው። ሩቂያም ቆማለች፣ ዓይኗ ግን ዴስኳ ላይ ነው። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የት እንደምቆም አላውቅም፣ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ኮሪደር ላይ የሰው ኮቴ ሰማሁ። እጄ ማጥፊያውን አገኘ። እሱን አውቀዋለሁ፣ የኔ ሥራ ነው። እና ሰሌዳውን መጥረግ ጀመርኩ። ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት። ከኋላዬ ሁሉም ባንድ ላይ «ውይ» አሉ፣ ሳቁም ቆመ። ዞሬ ሳይ አጥሯም የለች፣ ሒሳቧም የለች።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴት ተቆጣጣሪ ገባች፣ ዳይሬክተሩ ከኋላዋ ቆሞ ግንባሩን ይጠርጋል። ባዶውን ሰሌዳ አየች፣ እኔን አየች። «መምህርት፣ ዛሬ ምን እያስተማሩ ነው?» አለችኝ። እዚህ ላይ አውሮፕላን መጣ። እዚያ ሰፈር አውሮፕላን ሲያልፍ መምህርም ተማሪም ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ እኛም ጠበቅን። ሴትዮዋ እኔን ታያለች፣ እኔ ቦቲዬን አያለሁ። አውሮፕላኑ ሳያልፍ በቀረ ብዬ ለመንኩ።

ሲያልፍ ሩቂያ እጇን አወጣች። «እናቴ ናት» አለች። «ጽዳት ናት። የሒሳብ መምህር የለንም።»

ጋዋኑን አወለቅሁና አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ዳይሬክተሩን «ይምጡ፣ ቢሮ እንነጋገር» አለችውና ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁና ባልዲዬን ፈለግሁ።

ማታ ወደ ቤት ስንሄድ አብረን ነው። እኔ በልቤ መልስ አዘጋጃለሁ፤ ለምን ለበስሽ ካለችኝ ይህን እላታለሁ፣ አዋረድሽኝ ካለችኝ ይህን እላታለሁ እያልኩ። ቤት ልንደርስ ስንል ቆመች።

«እማ» አለችኝ፣ «ለምን አጠፋሽው?»

ስለ ጋዋኑ አንድም ቃል የለ። ለጠፋችው ሒሳብ የሚሆን መልስ አላዘጋጀሁም ነበር።

«ከዚያስ አያቴ፣ መምህር መጣ?»

መጣ እንጂ፣ ሰንብቶ መጣ። አንድ ለግላጋ ጎረምሳ፣ ትሑት ልጅ። ክፍሉን ላሳየው ብገባ፣ ልጆቹ ከጠረግሁበት ቀን ጀምሮ ያቺን ጥግ ባዶዋን አጥረውባት፣ ማንም አልጻፈባትም። እሱ ምን ያውቃል? ሰሌዳውን ዳበሰና «እትዬ፣ እንዴት አድርገው ነው እንዲህ ያጸዱት? እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እጅ ነሳኝ። ሩቂያ እዚያው ተቀምጣለች። ሕይወቴን ሙሉ በሥራዬ ያመሰገነኝ መምህር እሱ ብቻ ነው፣ አያድርስ። በሉ እናንተ ሳቁ። እኔ እዚያች ምስጋና ላይ ስደርስ ሳቅ አይመጣልኝም።