የአልፌኖስ ጥቅልሎች

ሽማግሌው አልፌኖስ ከሬያቴ ገበያ ሲመለስ፣ ሮም ተምሮ የመጣው የጎረቤቱ ልጅ ፋኒዮስ መንገድ ላይ አገኘው። ክርክሩ የተነሣው ሰላምታው ገና ሳያልቅ ነበር።

«አባቴ፣ እነዚያን የእርሻና የከብት መድኃኒት የተጻፈባቸውን ጥቅልሎች አሁንም በቅርጫት አጭቀው ነው የሚያኖሯቸው?»

«አባቴ እንዳኖራቸው አኑሬያቸዋለሁ። ምን ጎደለባቸው?»

«ሥርዓት ነዋ። የበሬው ከንቡ፣ የንቡ ከወይኑ ተደባልቋል። ይፍቀዱልኝና በየርዕሱ ከፍዬ፣ ቅጠል በቅጠል በሚገለጥ መጽሐፍ ልገልብጥልዎ። ምኑ የት እንዳለ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እጽፋለሁ፤ የፈለገ ወዲያው ያገኘዋል።»

«የፈለገ እኔን ይጠይቅ። ያንተ መጽሐፍ ከመጣ አልፌኖስን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

ነገሩ ይኸው ነበር። ሽማግሌው የፈራው መጽሐፉን ሳይሆን ሳይፈለጉ መቅረትን ነው። ዕውቀቱን የሚቆልፍ ሰው ቁልፉ የሚጠፋበት አይመስለውም።

ፋኒዮስ ሊመልስ አፉን ሲከፍት የእርሻው ኃላፊ እያለከለከ ደረሰ። «ጌታዬ፣ ቀዩ በሬ ጤዛው ያልረገፈለት የማገጥ ሣር ግጦ ሆዱ ተነፍቷል፤ መተንፈስ አቅቶታል።»

አልፌኖስ መድኃኒቱን ያውቀው ነበር፤ አሁን ግን ጠፋበት። ዘይት ነው ወይስ ሆምጣጤ? ቤቱ ገብቶ ቅርጫቱን ገለበጠው። ጥቅልሎቹ ስም የተጻፈበት ምልክት አልተንጠለጠለባቸውም፤ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው። ይባስ ብሎ፣ አንብቦ ሲያበቃ ወደ መጀመሪያው መልሶ የመጠቅለል ልማድ አልነበረውም፤ አንዱን ቢከፍት መጨረሻው፣ ሌላውን ቢከፍትም መጨረሻው ይመጣል። ላብ አጠመቀው። ስለ ንብ መንጋ አነበበ፣ ስለ ወይን ግንድ አነበበ፣ ንብንም ወይንንም ረገመ። ፋኒዮስም ከጎኑ ተንበርክኮ ይፈልግ ነበር።

«ይኸው፤ የወይራ ዘይት ይጋት ይላል» አለ ፋኒዮስ በመጨረሻ። «ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው።»

ዘይቱን ይዘው ሲደርሱ በሬው ሞቶ ነበር፤ የቀንበር ጓደኛው ቆሞ ያሸተዋል። ጊዜው የእርሻ ወራት ነው፤ አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። አልፌኖስ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«አለኝ እያልኩ የሌለኝ ሰው ነበርኩ» አለ።

«አለዎት እንጂ አባቴ። የጎደለው አቀማመጡ ነው። ተለይቶ የተጻፈ ዕውቀት ባለቤቱ ሲደነግጥ አብሮ አይደነግጥም። ባለቤቱ ቢታመም ልጁ፣ ልጁ ቢርቅ ጎረቤቱ ከብቱን ያድንበታል። ደጅዎንም የሚመታ አይጠፋም፤ አንብቦ ያልገባው ይመጣል።»

 ሽማግሌው «ቀለምህን አምጣ» አለው። «በሬ ብለህ ጀምር። መድኃኒቱን ጻፍ። ከሥሩም፣ አልፌኖስ ይህን በቤቱ ይዞ ሳለ ፈልጎ እስኪያገኘው በሬው ሞተበት በል።»

«ስምዎን እንኳ ልተወው።»

«ጻፈው። ምክር ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ብዙ ነው፤ የጎረቤቱን ውርደት ግን ሁሉም ያነባል።»