የካፒቴኑ የጡት ልጅ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ በስልኳ የህዋ ተከታታይ ፊልም ታያለች። አጠገቧ ያሉት ባለ ጋቢ ሽማግሌም አንገታቸውን አስግገው አብረዋት ያያሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ልጁን ለምን ይሰጣል?»

«ወላጅ አባቱ ከሌላ ፕላኔት መጥቶ ነዋ፣ አባባ። ካፒቴኑ ያሳደገው ብቻ ነው።»

«ብቻ? ብቻ አልሽ?»

«ማለቴ፣ ከተከሰከሰ መንኮራኩር ውስጥ ነው ያገኘው። አልወለደውም።»

«አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ አላጠባውም?»

«ህዋ ላይ ምን ማር አለ?»

«ማር ባይኖር ቃል የለም? ልጄ ነው ያለ ሰው ያን ሁሉ መሣሪያ ታጥቆ ቆሞ ያያል?»

«ሕጉ ያስገድደዋል።»

«ድንቄም ሕግ! ልጁ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ያ ወላጅ የት ነበር?»

«አባባ፣ ፊልም እኮ ነው። ደግሞ መጨረሻ ላይ ልጁ ይመለሳል። ወላጁ እያየ ካፒቴኑን ነው ‹አባዬ› የሚለው።»

«ውሸታም ፊልም! አጥፊው!»

«ኧረ ምነው፣ ምን አስቆጣዎት?»

«ይኼን አውራ ጣቴን በማር አጥብቼ የጡት ልጅ ያደረግሁት፣ ያሳደግሁት ልጅ፣ ዛሬ ዳንግላ ይሞሸራል። የሚስመው ግን ካደገ በኋላ የመጣውን የወላጁን ጉልበት ነው። እኔን እንደ ጎረቤት ነው የጠሩኝ!»

ዳንግላ ደርሰን ሽማግሌው ለመውረድ ሲነሡ፣ ዓይኔ ጉልበታቸው ላይ ቀረ።