ሁለተኛውን ዓይን የጨመሩት የአቶ ገነነ ዘሩ ዜና ሕይወት

«አይተህ ሳትጠግብ አትሣል፤ ጠይቀህ ሳትጠግብ አትፍረድ» ይሉ ነበር የአቶ ገነነ አባት አለቃ ዘሩ፤ ቀለም ሲበጠብጡም፣ ማዕድ ሲቀርቡም፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጣልቶ ለሽምግልና ሲጠሩም ይህችን ቃል ሳይሏት አይውሉም ነበር። ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ገነነ በዚህች ቃል ያደጉ፣ አንድ ቀን ብቻ የረሷት፣ ስለዚያች አንድ ቀን ደግሞ ብዙ የተጨነቁ ሰው ነበሩና፣ ካህናት አባቶቻችን፣ እናቶችና ወንድሞች፣ ከማንኩሳም ከቡሬም ድረስ የመጣችሁ ወገኖች፣ ዜና ሕይወታቸውን እግዚአብሔር በረዳን መጠን እናነብላችኋለን።

አቶ ገነነ ከአባታቸው ከአለቃ ዘሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ እማዋይሽ በ1950 ዓመተ ምሕረት ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበሩ፣ አቶ ገነነ ፊደል ሳይቆጥሩ ቀለም ለይተው፣ ዳዊት ሳይደግሙ አቡጀዲ ከግድግዳ የሚጣበቅበትን ሙጫ ማፍላት አውቀው አደጉ። ጥያቄ የማያልቅባቸው ልጅ ነበሩ ይባላል። አንድ ቀን የአባታቸውን ሥራ ቆመው ሲያዩ ቆይተው የሰይጣን ሌላው ዓይኑ የት ሄደ ብለው ቢጠይቁ፣ አለቃ ዘሩ ብሩሻቸውን አስቀምጠው፣ በአባቶች ሥርዓት ጻድቅ ፊቱን ወደ ምእመናን መልሶ በሁለት ዓይኑ እንደሚሣል፣ ሰይጣንና ይሁዳ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስን የወገሩትም ሁሉ ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አስረዷቸው። ይህ ነገር እንደ አቡነ ዘበሰማያት በልባቸው ተጽፎ ቀረ።

ዳዊት ከደገሙ በኋላ በማንኩሳ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ የአባታቸው ጉልበት ሲደክም ትምህርታቸውን ትተው ከደብር ደብር አብረው ዞሩ። በቡሬ አካባቢ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ ያረፉበት ቤት ልጅ ወይዘሮ ያምሮት ነበሩ። አቶ ገነነ ውኃ በቀረበላቸው ቁጥር ስለ ጉድጓዱም፣ ስለ እንስራውም፣ ስለ ዘመዱም ሁሉ ይጠይቋቸው ስለነበር፣ ወይዘሮ ያምሮት እናታቸውን «ይህ ልጅ ሊያገባኝ ነው ወይስ ሊከሰኝ?» አሉ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቃል። በ1976 ዓመተ ምሕረት በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሸጋዬን፣ ክንፈሚካኤልንና ውዳሴን ወለዱ።

አባታቸው ካረፉ በኋላ በወረቀት የታተመ ሥዕል ከአዲስ አበባ እየመጣ የእጅ ሥራው ቀዘቀዘ። አቶ ገነነም ቤተ ሰባቸውን ይዘው ፍኖተ ሰላም ገቡና፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በዘበኝነት ተቀጠሩ። ያረፈደ ልጅ በእሳቸው በር የሚገባው ትናንት ከተማረው አንዱን ነግሯቸው ነበር፤ ልጆቹም «የጋሼ ገነነ ፈተና» ይሉት ነበር። ብዙ ልጅ ለፈተናው ሲል ያጠና እንደነበር፣ አንዳንዱም ለፈተናው ሲል ሆን ብሎ ያረፍድ እንደነበር እዚህ የቆማችሁ ታውቃላችሁ።

በ2009 ዓመተ ምሕረት መምህርት ሜላት የተባሉ ወጣት መምህርት፣ የተለያየ አገር ተማሪዎች ስለ ዓለም ሰላም በአንድ ሸራ ላይ አብረው የሚሥሉበትን ሥራ ወደ ትምህርት ቤቱ አመጡ። የጃፓን ልጆች የሸራውን እኩሌታ ሥለው ላኩት፤ የእኛ ልጆች ደግሞ የቀረውን ሥለው ሊመልሱት፣ በመካከሉም ደብዳቤ እየተጻጻፉ ወዳጅ ሊሆኑ ነው። ሸራው ሲዘረጋ የሁለት አልጋ አንሶላ ያህላል። በጃፓኖቹ ወገን ሰባት ልጆች ቤቶች በተደረደሩበት በባሕር ዳርቻ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሁሉም ባዶ ወደሆነው ወደ እኛ ወገን ዞረዋል። አቶ ገነነ ጨርቁን ዳስሰው፣ ቀለሙን አሽትተው፣ መምህርቷን በጥያቄ አደከሟቸው። ባሕሩ ጨው ነው? እነዚህ በየቤቱ ደጅ የተደረደሩት ጫማዎች ምንድን ናቸው፣ ቤታቸው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?

የእኛ ልጆች በጋሪ ተጭነው እንግዳ ሊቀበሉ የሚወጡ ልጆችን ሣሉ። የነጋዴው የአቶ መሐመድአወል ልጅ ናጂሃ በእጇ ዛላ በርበሬ የያዘች ልጅ ስትሥል አይተው «አንቺ፣ ለእንግዳ ማር እንጂ በርበሬ ይሰጣል?» ቢሏት «ማርማ በየአገሩ አለ ጋሼ» ብላ አሳቀቻቸው።

ነገር ግን አንድ ሐሳብ ልባቸውን ይበላው ነበር። ሰባት ልጆች ናቸው፤ ዓይናቸው ቢቆጠር ሰባት ብቻ ነው። እነዚህ ሕፃናት የሚነግራቸው አጥተው፣ ባለማወቅ ራሳቸውን ከይሁዳ ጋር ሣሉ ብለው አዘኑ። ሁሉን የሚጠይቁት ሰው ይህን አንዱን ማንንም አልጠየቁም። አንድ ቅዳሜ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ፣ ሸራው የተሰቀለበትን ክፍል ከፍተው፣ የአባታቸውን ብሩሽ ይዘው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠሩ። እጃቸው የሠለጠነ ነበርና የሰባቱንም ልጆች ፊት ትንሽ መለስ እያደረጉ ሁለተኛ ዓይን ጨመሩላቸው። ቤታቸው ገብተው ዛሬ ሰባት ነፍስ ከኩነኔ አወጣሁ ቢሉ፣ ወይዘሮ ያምሮት «አንተ ሰውዬ፣ የራስህን መነጽር ሳታስጠግን የጃፓን ሕፃን ዓይን ታበጃለህ?» አሏቸው። እሳቸው ግን ያን ዕለት ደስ ብሏቸው አደሩ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ናጂሃ ከሸራው ፊት ቆማ ቀረች። «ጋሼ፣ እኛን ሲያዩ አልነበረም እንዴ? ማን ጠራቸውና ዞሩ?» አለች። አቶ ገነነ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። የልጆቹ ዓይን አልጎደለም፤ አንዱ በወዲያ ጎን ነው። የዞሩትም ከኃጢአት የተነሣ ሳይሆን፣ ገና ያልተሣሉትን የእኛን ልጆች ለማየት ነው። እሳቸው ደግሞ ፊታቸውን ከወዳጆቻቸው መለሱባቸው። መምህርት ሜላት ሸራውን አይተው ከዴስኩ ላይ ቁጭ አሉና «ጋሼ፣ ስንቱን ሲጠይቁኝ ከርመው ምነው ይህችን አንዷን ቢጠይቁኝ!» ብለው ዕንባቸው መጣ።

ከመምህራኑ አንዱ ዝም ተብሎ ይላክ፣ ማን ያውቃል አለ። አቶ ገነነ ግን «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ተብሎ ከተላከ ውሸቱ የልጆቹ ይሆናል፤ በስሜ ይጻፍልኝ» ብለው እንቢ አሉ። እሳቸው እየተናገሩ መምህርት ሜላት ጻፉ። ደብዳቤውም የሠዓሊ ልጅ መሆናቸውን፣ በእኛ አገር አንድ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ፣ ያደረጉት ልጆቹን ወድደው እንጂ ንቀው አለመሆኑን የሚያስረዳ፣ ቅጣት ካለም ለእሳቸው እንጂ ለተማሪዎቹ እንዳይሆን የሚለምን ነበር። ሸራው ከደብዳቤው ጋር በሚያዝያ ወር ተላከ።

ከዚያ ወዲህ ከጃፓን ወሬ ጠፋ። የሸራው መልስ ቀርቶ የልጆቹ ደብዳቤ እንኳ መምጣቱን አቆመ። በየጠዋቱ ፈተና የሚሰጡት አቶ ገነነ አሁን በተራቸው ተፈታኝ ሆኑ፤ በበሩ የሚገባው ልጅ ሁሉ «ጋሼ፣ መጣ?» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ገና ነው ይላሉ። አርባ ልጅ ወዳጁን ያጣው በእኔ ብሩሽ ነው እያሉ እህል አልበላ አላቸው። በክረምቱ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄደው ተሳለሙ፤ ለአንድ አባትም ኃጢአታቸውን ሲናዘዙ፣ ካህኑ ደንግጠው «የሰው ዓይን አጥፍተህ ነው?» ቢሏቸው «የለም አባቴ፣ ጨምሬ ነው» አሉ። ካህኑም ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ስግደት አዘዟቸውና መልሱን በትዕግሥት ጠብቅ አሏቸው።

በ2010 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መምህርት ሜላት ስልካቸውን ይዘው ወደ በሩ እየሮጡ መጡ። ለካ በዚያ አገር የትምህርት ዘመን የሚያልቀው በመጋቢት ነው፤ ልጆቹ ክፍልና መምህር ቀይረው ደብዳቤው በዚያው ተቋርጦ ነበር፤ ሸራውም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ለእይታ ሲዞር ከርሞ ገና መመለሱ ነው። በስልኩ ላይ አንድ ሽማግሌ ይታያሉ። እሳቸውም የዚያ ትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ሸራውን በእጃቸው የሰቀሉ ሰው ናቸው፤ የአቶ ገነነ ደብዳቤ ሲነበብ ሰምተው ከጸሐፊው ጋር ካላገናኛችሁኝ ብለው ነው። አቶ ገነነ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡና፣ እንደ ልማዳቸው አስቀድመው የጠየቁት እዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው ቢባሉ «እንግዲያ ዛሬን ከእኛ በፊት አይተውታል፤ እንዴት ያለ ቀን ነው?» አሏቸው፤ ሽማግሌውም ደኅና ቀን ነው ብለው ሳቁ። ከዚያም አቶ ገነነ ይቅርታቸውን ለመኑ። ሽማግሌው የመለሱትን አጠገባቸው ያለች መምህርት ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው መምህርት ሜላት ወደ አማርኛ ተርጉመው፣ እንዳይጠፋ ወዲያው በወረቀት ጻፉላቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የልጆቹ ደብዳቤ እንደገና ይመጣ ጀመር።

አቶ ገነነ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላም በሩን አልተዉትም። ሰላም ጠፍቶ ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት የሠፈሩን ልጆች በቤታቸው ጥላ ሥር ሰብስበው፣ በከሰልና በወረቀት ሥዕል ያስተምሩ፣ ያላዩትን አገር ሰው ቤትና ልማድም እየጠየቁ ያስጠይቁ ነበር። ባለፈው ዓመት የልብ ድካም አገኛቸው፤ በሐኪም እየተረዱ፣ የታከሙበትን መሣሪያ ሁሉ ምንድን ነው እያሉ ቆይተው፣ ቅዱስ ቍርባን ተቀብለው፣ በ2018 ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ገነነ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ያምሮትን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በበራቸው ያሳለፏቸውን ተማሪዎች ሁሉ ትተው ሄደዋል። አባታቸው ለቤቱ የሠሩለት፣ እሳቸውም ለቤቱ የሠሩለት አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለቤተ ሰባቸው መጽናናትን፣ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን፤ አሜን።

ጸሎቱ እንዳለቀ ከዳዊታቸው ውስጥ ያለችው ወረቀት እንድትነበብ ለልጃቸው ለውዳሴ አደራ ብለው ነበርና፣ እኚያ የማናውቃቸው ሽማግሌ የተናገሯቸው ቃል ይህ ነው፦

«ሸራውን የሰቀልሁት እኔ ከምቀመጥበት በር አጠገብ ነው። የተሣሉት ልጆቻችን ቀድሞ የሚያዩት የእናንተን ልጆች ብቻ ነበር፤ እርስዎ ዓይን ከጨመሩላቸው ወዲህ ግን የገባውን የወጣውን ሁሉ ያያሉ። ጠዋት ስመጣ እኔንም ያዩኛል፤ እባክዎ አይዘኑ።»